መስታወትህ ግን ንጹህ ነው

ጋሼ ይህን ሲሉ ክፋት አልነበራቸውም። ችግሩ እሱ ነው። በክፋት ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። አሁን ግን ያቺ አባባላቸው ፊቴን ስታጠብ ትመጣብኛለች፤ ታክሲ ተሰልፌ ትመጣብኛለች፤ አለቃዬ ስለ በጀት ሲያወራ ሳላስበው ከንፈሬን ነክሼ እገኛለሁ።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች ተሰባስበን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሊባኖስ ራሊ ልንወጣ ቆመናል። ራሊ ስል መዝለልና መገልበጥ ያለበትን አይደለም፣ የሰዓቱን ነው። መኪኖች በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ይለቀቃሉ፤ ለየምዕራፉ አማካይ ፍጥነት ይሰጣል፤ የቀደመም የዘገየም ይቀጣል። የተሰጠን በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ማለትም እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በ80 ሰከንድ። ሰዓት ያዥ ያደረግኩት የእህቴን ልጅ ነው። ሒሳብ ይችላል፣ ብዙም አይበላም።

የኔዋ በፈረንጅ የ1968 ቮልስ 1300 ናት። ከኋላዬ የተሰለፉት ጋሼ ፔጆ 404 ይዘዋል። ጨዋታ ለመክፈት ያህል፣ "ጋሼ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እኮ ቮልስ በፈረንጅ በ1954፣ በ57ና በ62 በልታዋለች" አልኳቸው።

"404 ደግሞ በ63፣ በ66፣ በ67ና በ68" አሉኝ፣ በጣታቸው እንኳ ሳይቆጥሩ። "በ63ና በ68 ደግሞ ውድድሩን የጨረሱት ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ናቸው።"

ወደ መኪናዬ ገባሁ።

ሳልዘጋጅ እንዳልወጣሁ ይታወቅልኝ። ዘይት 2.5 ሊትር፣ አዲስ። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ አድሮ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ተስተካክሏል፤ በተለይ የሦስተኛውን ሲሊንደር ሁለቴ ነው ያየሁት። በነዚያ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ነፋስ ስለሚጋርድበት መጀመሪያ የሚቃጠለው የሱ የጭስ ቫልቭ ነው። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል፤ ከዚያ ከላላ ማራገቢያው ይሰንፋል፣ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ቺንጋ የተበጠሰባት ቮልስ ደግሞ "ትንሽ ልሂድና እቆማለሁ" አትባልም። ቀዩ መብራት ከበራ እዚያው ዳር መያዝ ነው፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዛት ያው ማራገቢያ ብቻ ነውና።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። 1285 ሲሲዋ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ 40 ፈረስ አላት። ከፍታ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበት 10 በመቶ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ቢያንስ አሥሩ ፈረሶች አዲሱ ገበያ ላይ ወርደው ቀርተዋል። በዚያ ላይ ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላ ፈትታችሁ ጫፉ ጥላሸት ለብሶ ካገኛችሁት ካርቡራቶሩን "ተበላሽቷል" ብሎ ከመጣል በፊት ጂግለሩን፣ ማለትም ነዳጁን የሚለካውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ዳገቱንም በሁለተኛ ማርሽ ብዙ ሳንቀጣ ወጣነው። የእህቴ ልጅ "አራት ሰከንድ ብቻ ዘግይተናል" ሲል ጋሼን በስፖኪዮ አየኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ጫንጮን እንዳለፍን ካፊያ ጀመረ። ያ መንገድ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት ነው። ካፊያና የሲሚንቶ ብናኝ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቃል። የዝናብ መጥረጊያዋ አንዴ ስትመላለስ መስታወቱን ለሰነችው። ማጠቢያውን ተጫንኩ። ፊሽሽ፤ ጸዳ። ሌላ መኪና መጣ። ፊሽሽ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ቮልስ መስታወት ማጠቢያ ሞተር የለውም። ፖምፓ የለውም። ውሃውን ገፍቶ መስታወት ላይ የሚረጨው የቅያሪ ጎማው ነፋስ ነው። አዎ፣ ስኮርታው። ከፊት ኮፈን ሥር ከቆመው ጎማ ቫልቭ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይጠመዳል፤ ቱቦው ወደ ውሃ ዕቃው ይሄዳል፤ ነፋሱ ውሃውን ተጭኖት ይጠብቃል፤ ቁልፉን ስትነካው ይለቀዋል።

የቮልስ ፋብሪካ ባለበት ቮልፍስቡርግ ውስጥ ይህ የተወሰነበትን ስብሰባ አሁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት አየዋለሁ። አንዱ ተነሥቶ "ይህ ጎማ ለምን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል?" ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ጥግ ላይ ያለ አንድ ቀጭን ሰው እጁን ያወጣል፦ "ጎማው ለጎማነት የሚፈለግ ዕለትስ?" ዝምታ። በሚቀጥለው ቀን ቀጭኑ ሰው ወደ መጋዘን ተዛውሯል። እኔ የምለው፣ ከጀመሩት አይቀር ለምን እዚያ ላይ ቆሙ? ጥሩምባውን ከነዳጅ ታንከሩ ጋር አያገናኙትም ነበር? ተሳፋሪ ባስነጠሰ ቁጥር ፍሬቻ እንዲበራ ማድረግስ ምን ከለከላቸው? ቀጭኑን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ። መጋዘን ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ ጎማ ሲቆጥር እንደኖረ ይሰማኛል፤ እያንዳንዱን ጎማ በእግሩ መታ እያደረገ፣ ነፋስ እንዳለው እያረጋገጠ።

ለእውነቱ፣ በወረቀት ላይ ነገሩ ጅል አይደለም። ስኮርታው 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይነፋል፤ የፊት ጎማ ከሚፈልገው እጥፍ በላይ ነው። መሃል ላይ ያለች ትንሽ ቫልቭ ደግሞ ግፊቱ ከ30 ዝቅ ሲል ትዘጋለች። ውሃው ይቆማል፣ ጎማው ግን ለመንዳት በቂ ነፋስ ይዞ ይቀራል። በኔዋ ላይ ያቺ ቫልቭ የለችም። ከኔ በፊት የነካካት ባለሙያ አውጥቷት ተራ ቱቦ ገጥሞበታል። የቱቦው ጫፍ የጎማውን የቫልቭ መርፌ ሁልጊዜ ተጭኖ ስለሚይዝ፣ ማጠቢያው እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ይጠጣል።

ይህም ሆኖ 40 ተነፍቶ ቢሆን ደብረ ሊባኖስ ያደርሰን ነበር። አልተነፋም። ከመውጣታችን በፊት ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ "ስኮርታውን 40 አድርግልኝ" ብየው ነበር። "ቮልስ 28 ነው" አለኝ። የፊቱም 28፣ የኋላውም 28፣ ስኮርታውም 28። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ 17፣ የኋላው 25 አካባቢ መሆን አለበት፤ ፊቱን ሲያጠነክሩት መሪው ይቀላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን አፍንጫዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ይህን ሳስረዳው ያየኝ አስተያየት... እሺ፣ ይቅር።

ሙከጡሪ ሳንደርስ የቀኝ የኋላ ጎማ ተነፈሰ።

ጎማ መቀየር አያስፈራኝም። የእጅ ፍሬን መያዝ፣ የኋላ ነውና የፊቱን በድንጋይ መደገፍ፣ ሳይነሣ በፊት ቡሎኖቹን በ19 ቁልፍ ማላላት። ፋብሪካው የሰጠው ክሪክ በጎን በኩል ካለው ካሬ ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ያ ቦታ በዝገት ከተበላ መኪናዋ አትነሣም፣ ክሪኩ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ስለዚህ የጠርሙስ ክሪክና ጣውላ ይዣለሁ። ቮልስ ላይ ጎማውን የሚይዘው ከመሃል የወጣ ብረትና ዳዶ አይደለም፣ ከውጭ የሚገባ ቡሎን ነው፤ ጎማውን በጉልበት ደግፎ ቀዳዳ ከቀዳዳ እያመሳሰሉ መጀመሪያ የላይኛውን ማስያዝ ነው። ጎሚስታው ግን ቡሎኖቹን ቁልፉ ላይ ቆሞ እየዘለለ አጥብቋቸው ነበር። 130 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ እሱ የሰውነቱን ክብደት ነው የጨመረበት። እኔም ቁልፉ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። መንገድ ዳር ልጆች ተሰብስበዋል፤ ዝላዩን ወደዱት።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ስኮርታውን አወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ሳስቀምጠው ልክ እንደ ሊጥ ዘርፈጥ አለ። የእህቴ ልጅ አየው፤ ቀና ብሎ መስታወቱን አየው፤ እንደገና ጎማውን አየው። ሒሳብ ይችላል ብያችኋለሁ።

404ቷ ከኋላችን መጥታ ቆመች። ሕጉ አያስገድዳቸውም፤ እያንዳንዱ የቆሙበት ደቂቃ የራሳቸው ቅጣት ነው። ጋሼ ወርደው ከመቀመጫ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ መንፊያ አወጡ፤ ገመዱን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክተው ስኮርታዬን መንፋት ጀመሩ። የነዚህ መንፊያዎች ጣጣ ቀርፋፋነታቸው ነው። ከባዶ ተነሥቶ 25 እስኪደርስ ብዙ ዝም የሚባልበት ጊዜ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጋሼ የተከፈተውን ኮፈን፣ ቱቦውን፣ የውሃ ዕቃውን ተራ በተራ አዩ። ገባቸው። ከዚያ ከልባቸው ሊያጽናኑኝ ፈልገው ያችን ተናገሩ።

ደብረ ሊባኖስ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ምሳ ላይ ማንም ውሃ ባነሣ ቁጥር አንዱ "ለመስታወት ይተርፋል?" ይላል። ጋሼ ቅጣታቸውን ተሸክመውም በነጥብ በለጡኝ።

የዚያ ዘመን ቮልስ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ኮፈኑን ክፈቱ። ቱቦውን ከስኮርታው ንቀሉና ጫፉን እዩት፤ የምትዘጋዋ ቫልቭ ካለች በመሃሉ ወፈር ያለ ነገር ይዳሰሳል፣ ከሌለች ተራ ቱቦ ነው። ካለች፣ ስኮርታውን 40 ነፍታችሁ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ እዚያ ያፈሳል። አሳድራችሁ ለኩት፤ ከ40 ወደ 38 ይቅርታ ይደረግለታል፣ ወደ 30 ከወረደ ግን ቱቦው ተሰነጣጥቋል ወይም የጎማው ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲኩ) ያስወጣል። ከሌለች ቱቦውን ቆርጣችሁ ጣሉና ባለ 12 ቮልት የማጠቢያ ፖምፓ ግጠሙ፤ ከሌላ መኪና የወረደ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ፖምፓው ከውሃ ዕቃው በታች ይቀመጥ፤ ውሃ ወደ ላይ መሳብ ላይ ሰነፍ ነው። በራሱ ቫልቮላ (ፊውዝ) ይሂድ።

እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ያቺን ኦሪጅናል ቫልቭ ፈልጌ አስገባሁ፤ ስንት እንደከፈልኩ ባለቤቴ ይህን ስለምታነብ አልጽፍም። ከዚያ ስኮርታውን ተሸክሜ ያው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ።

"40" አልኩት።

"ይፈነዳል ወንድሜ። ቮልስ 28 ነው።"

"ለመንዳት አይደለም። ለመስታወት ነው።"

ጎማውን አየ። እኔን አየ። መንፊያውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና በአገጩ መንገዱን አሻግሮ አመለከተኝ፦

"መስታወት ቤቱ ማዶ ነው።"