ጅማ ላይ የወደቀው አውሮፕላን

ሰው ወደ ጅማ የሚሄደው ለቡና፣ ለዘመድ ወይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ነው። እኔን የወሰደኝ በ1933 ዓ.ም. የነደዱት የጣሊያን አውሮፕላኖች ጉዳይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ ይህን ስነግረው «እና ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ግቤን ወርደን እስክንወጣ ሳስረዳው ቆየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተዋጊ አብራሪ ከውጊያ ሲመለስ «አንድ ጣልኩ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም። ተኩሷል፣ ጭስ አይቷል፣ ከዚያ የራሱን ነፍስ ለማዳን ዞሯል። ጭሱ ግን ሞተሩ ድንገት ሲከፈት የወጣ ሊሆን ይችላል። ጠላትም እየተሽከረከረ የወደቀ መስሎ ዛፍ ጫፍ ላይ ቀና ብሎ ቤቱ ይገባል። አንዱን አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ከመቱት ደግሞ ሦስቱም ለየራሳቸው ይቆጥሩታል። እንግሊዞች መስከረም 5 ቀን 1933 (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940) በአንድ ቀን ብቻ 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን ብለው አወጁ። ኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲታይ 60 ገደማ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ የሚታመነው ጣልኩ ባዩ ሳይሆን የጠፋበት ሰው ደብተር ነው። ንብረት ክፍል ምትክ አውሮፕላን የሚያገኘው የጎደለውን በትክክል ሲጽፍ ነው። ጀርመኖች ጉዳቱን በመቶኛ ሳይቀር ይመዘግቡ ነበር።

ልጁ ጅማ ሲደርስ «ይቅናህ» ብሎኝ ወረደ።

አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 በእንግሊዝ ወገን ጦር ከተያዘች በኋላ ጣሊያኖች ከቀሯቸው የአየር ማረፊያዎች አንዱ ጅማ ነበር። ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፉት የደቡብ አፍሪካ ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች እየመጡ የጣሊያኖቹን አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንደቆሙ ይመቷቸው ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሬት ላይ የተቃጠለና ሰማይ ላይ የተጣለ በአንድ ዓምድ አይጻፉም። ጅማ ራሷ ሰኔ 14 ተያዘች።

ሄርማታ ገበያ አጠገብ አንድ አዛውንት ጋ ወሰዱኝ። በርጩማ ሰጡኝ፣ ቡና ተቀዳ። አባታቸው አውሮፕላን ከሰማይ ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል።

«መቼ ነበር አባባ?»

«ሐሙስ ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ። ገበያተኛው ሁሉ ተበትኖ ጨው እንኳ የሚያነሳ ጠፋ ብለውኛል።»

ደስ አለኝ። ቀን ቁጥር ይረሳል፣ የገበያ ቀን ግን አይረሳም። ከአዲስ አበባ መያዝ እስከ ጅማ መያዝ ያሉት ሐሙሶች 11 ብቻ ናቸው። 3 ሰዓት ደግሞ በፈረንጅ 9 ሰዓት ነው፤ ይህን ሳይቀይር መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ጠዋቱን ሌሊት ያደርገዋል።

ከዚያ ከጓዳ አንድ ቁራጭ አልሙኒየም አመጡ። መዳፍ ታክላለች። ጠርዟ ላይ የብሎን ሳይሆን የሪቬት (ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የሚያጣብቅ ምስማር) ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፣ አንዱ ጥግ በእሳት ተጨማድዷል። የአውሮፕላን ቆዳ መሆኗን አልጠራጠርም። ገለበጥኳት፣ በስልኬ መብራት አየኋት። ቁጥር የላትም። ሜዳ ላይ ከነደደ ቦምብ ጣይ ትሁን ከሰማይ ከወደቀ ተዋጊ፣ ከእሷ አይታወቅም።

ሁሉም ነገር ሲገጥም ምን እንደሚመስል ነገርኳቸው። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ጎንደር አካባቢ ሆፕ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ግላዲያተር በሚባል ተዋጊ አውሮፕላን አንድ የጣሊያን ተዋጊ፣ ፊያት ሲአር 42፣ ጣለ። የጣሊያኑ ወገን ደግሞ ማላቮልቲ የሚባል አብራሪ በዚያው ቀን አጥቷል። የጣዩም የወዳቂውም ስም አለ፣ ቀኑም አንድ ነው።

«ይቺ ግን ለጊዜው ያልተረጋገጠ ነው የምትባለው» አልኳቸው።

«አባቴ ዋሽተዋል ልትል ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ወረቀቱ ነው የጎደለው።»

«ወረቀት የሌለው ሁሉ ካልተረጋገጠማ እኔም የልደት ወረቀት የለኝም» ብለው ሳቁ። ምን ይመለሳል?

የወደቀበትን ቦታ ግን የእህታቸው ልጅ ያውቀዋል። ሞተሩን ጎትቶ ያወጣው ሰው የለም፣ እዚያው ተቀብሮ ቀርቷል ይላሉ። አሁን ዝናብ ነው፣ ጭቃው አያስገባም። ጥቅምት ላይ እንድመለስ ተቀጣጥረናል። ሞተር ላይ ቁጥር ይኖራል።