በቻርልስተን የመልማዩን መኮንን መድረክ ፍለጋ

ከአትላንታ እስከ ቻርልስተን ያለው መንገድ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከጥድ ደንና ከጭነት መኪና በቀር ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም። ወደዚህች የሳውዝ ካሮላይና የወደብ ከተማ የሄድኩት ዶክ ስትሪት ቴአትርን ለማየት ነው። ይህ ቴአትር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1736 ሲከፈት የታየበት ተውኔት ጆርጅ ፋርኳር የጻፈው «መልማዩ መኮንን» የተባለው የእንግሊዝ ኮሜዲ ነበር።

ከከተማው ዳር ያደርንበት ሞቴል ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አድሮ እንቅልፍ ነሣን። ጠዋት ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ለጥቂት ሰዓት 28 ዶላር አስከፈለን፤ አብሮኝ የተጓዘው የአጎቴ ልጅ ዋጋው አስቀድሞ አለመለጠፉን እያነሣ ቴአትር ቤቱ እስካለበት እስከ ቸርች ስትሪት ድረስ ተናደደ፤ እኔም እውነት አለው እላለሁ።

ሕንፃው ግን ንዴቱን አስረሳን። የመጀመሪያው ቴአትር ቤት በ1740ው ታላቅ ቃጠሎ እንደጠፋ ይገመታል። ዛሬ ከውጭ የሚታዩት የድንጋይ ምሰሶዎችና ባለ ብረት ጥልፍ ሰገነቱ የአሮጌ ሆቴል ቅሪት ሲሆኑ፣ አዳራሹ በ1930ዎቹ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ከሆቴሉ ውስጥ ተሠርቶ በ1937 በዚያው በፋርኳር ተውኔት እንደገና ተከፈተ። ከተማው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ኮሜዲ መምረጡ ለእኔ ከሕንፃው ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ዕለቱ የጉብኝት ቀን አልነበረም። ሆኖም በር ላይ ያገኘናቸው አዛውንት ሴት ከሩቅ መምጣታችንን ሲሰሙ «ልምምዱ እስኪጀመር ግቡ» ብለው ራሳቸው መሩን። ከመድረኩ በላይ ከእንጨት የተቀረጸ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ዓርማ ተሰቅሏል፤ ግድግዳውን የለበሰውን የሳይፕረስ እንጨት በእጄ ዳሰስኩት።

እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት በተውኔቱ ውስጥ ስላለው የሁለት የገጠር ልጆች ትዕይንት ነው። መልማዩ ኃምሳ አለቃ ካይት «የንግሥቲቱ ሥዕል ነው» ብሎ ስጦታ አስመስሎ ለእያንዳንዳቸው የወርቅ ሳንቲም ያስጨብጣቸዋል፤ የንግሥቲቱን ገንዘብ የተቀበለ ግን ወታደር ሆኗል ማለት ነው። ልጆቹ ሲደነግጡ አለቃው ሻምበል ፕሉም ደርሶ ካይትን በቁጣ ያባርርና አዛኝ መስሎ ይቀርባቸዋል፤ እነርሱም በደግነቱ ተማርከው በገዛ ፈቃዳቸው ይመዘገባሉ። ፋርኳር ራሱ በሽሩስበሪ ወታደር መልምሏልና ማታለሉን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ተውኔቱ በ1706 በለንደን ለመድረክ ሲበቃም አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች።

በአገራችን ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣሊያን ለወረራ ሲሰናዳ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር። በእኛ መድረክ የዘመቻ ጥሪ የተከበረ ነገር ሆኖ ያደገ ሰው፣ ምልመላን የሚያጋልጥ ኮሜዲ ሲያይ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ የተወረረና ለሩቅ ጦርነት የተታለለ አንድ አይደሉምና።

ተውኔቱ በባዕድ አገር ያጋጠመው ተመልካች ደግሞ ይለያያል። በአውስትራሊያ ሲድኒ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1789 ለእንግሊዝ ንጉሥ ልደት የተጫወቱት ከእንግሊዝ ወደዚያ የተጋዙ እስረኞች ነበሩ፤ የባሕር ኃይል መኮንኑ ዋትኪን ቴንች እንደጻፈው መድረካቸው በጥቂት ሻማ የበራ የጭቃ ጎጆ ሲሆን ተመልካቹም ስድሳ ያህል ነበር። ከፈቃዳቸው ውጪ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች የንጉሥን መልማይ ሲጫወቱ ማየት ምንኛ ከባድ ነገር ነው! በ1736 በቻርልስተን ዙሪያም ከቅኝ ግዛቱ ነዋሪ የሚበዛው በባርነት የተያዘው ጥቁር ሕዝብ ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ ሳለሁ ይህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬሽት በ1955 በርሊን ላይ የፋርኳርን ታሪክ ወደ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን አዙሮ ማሳየቱ ትክክለኛ ንባብ ይመስለኛል።

ሴትዮዋን አመስግነን ስንወጣ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የሙዚቃ ቴአትር ነበር። ፋርኳር እዚህ መድረክ ላይ በድጋሚ ቢወጣ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ደግሜ እመጣለሁ።