በርኖስ ወይስ በቆሎ?

ሰሞኑን በጓዳችን ግድግዳ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ የእሳት እራቶች ማረፍ ጀምረዋል። እናቴ «ብል ነው፤ በርኖሱን ሳይጨርሰው» ብላ የአባቴን በርኖስ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እኔ ደግሞ በስልኬ ፎቶ እያነሣሁ ማንነታቸውን ለማጣራት ተነሣሁ።

ክንፋቸውን አጥፈው ሲያርፉ ሁሉም የገለባ ቀለም አላቸው፤ የልብስ ብልም ከዚህ ብዙ አይለይም። በፍላሽ የተነሡትማ ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ቀሩ። በመስኮት ብርሃን ከጎን ያነሣሁት ፎቶ ግን ፊቱን አሳየኝ፤ ከአፉ ግራና ቀኝ የወጡ ሁለት ቀጫጭን አካላት እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ተቆልምመዋል። በልብስ ብል አናት ላይ የሚቆመው ቀላ ያለ ጸጉር የለም። ከዚያም የሞተ አንዱን አግኝቼ ክንፉን በመርፌ ገለጥኩት። የኋላ ክንፉ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ጠብቦ ይሾላል፤ ዙሪያውን ረጃጅም ጸጉር ከቦታል። ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ የምትባለው የእሳት እራት ናት፣ የእህል ጠላት! ፈረንሳይ ውስጥ በአንጉሙዋ አውራጃ እህል ስታወድም ዱሃሜል ዱ ሞንሶና ቲዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች አጥንተዋት፣ እ.ኤ.አ. በ1762 መጽሐፍ አሳትመውባታል። ያውም ያለ ካሜራ።

ለነገሩ ከክንፉ ይልቅ ጥርጣሬዬን የቆረጠው ከገጠር የመጣልን የበቆሎ ጆንያ ነው። አንድ እፍኝ ዘግኜ አየሁ። አንዳንዱ ፍሬ ላይ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ አለ። ሌላው ገና አልተበሳም፤ በቀዳዳው ቦታ ስስ የፍሬው ቆዳ ብቻ ቀርቷል። በጥፍሬ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ። ትሉ ፍሬው ውስጥ አድጎ፣ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት መውጫውን አዘጋጅቶ ይተኛል። እንቁላሉ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ሊጣል ስለሚችል የላኩልንን ዘመዶች መውቀስ አይገባም። ፎቶ ልከው «ይህ ምንድን ነው?» የሚሉኝን ወዳጆቼን ግን ከእንግዲህ አስቀድሜ የት እንዳገኙት እጠይቃለሁ።

ለእናቴ በርኖሱ ሱፍ ስለሆነ የልብስ ብል እንደሚወደው፣ እነዚህ ግን እንደማይነኩት ነገርኳት።

«ትልም መርጦ ይበላል?» አለችና በርኖሱን ገልብጣ አሰጣችው።

በቆሎውን ግን አብረን ለቀምን። የተበሳውን ለዶሮ ለየን፤ ደህናውን አየር በማያስገባ ከረጢት ጥብቅ አድርገን አሰርነው፤ ውስጡ የተደበቀ ቢኖር ኦክስጅን ሲያልቅበት ይሞታል።