በሐረጎ ቁልቁለት ያለጊዜው ያለቀ ፍሬን

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሐረጎ አለ። ከደሴ ተነስታችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዛችሁ ትወርዱና ቦርከና ሜዳ ላይ ትደርሳላችሁ። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፣ ኮምቦልቻ ስትገቡ ታወልቁታላችሁ። የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ያህል ነው። ታናሽ እህቴ ቤቷ ደሴ፣ ሥራዋ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ትወርዳለች፣ ማታ ትወጣለች።

ለዓመታት በሚኒባስ ተጋፍታ ተመላለሰች። በኋላ ውጭ ያለነው አዋጥተን መኪና ገዛንላት። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ የሠራሁበት ገንዘብ አለበት። ታላቅ እህታችን ከጅዳ የላከችው አለበት። አሮጌ ገዝተን ጋራዥ ለጋራዥ እንዳትንከራተት ብለን፣ ጨምረን ከፍለን አዲስ አደረግነው። ከሳጥኑ የወጣ፣ ማንም ያልነዳው።

ዓመት ሳይሞላው ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ያሰማል። ቁልቁለቱን ፈራሁት" አለችኝ። መኪናው የሄደው 15,000 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር።

ውጭ የሚኖር ሰው እንዲህ ዓይነት ስልክ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቁልቁለቱ ላይ ያለችው እሷ ናት። እኔ ከውቅያኖስ ማዶ ሆኜ ማድረግ የምችለው ገንዘብ መላክና መደወል ብቻ ነው። "በቃ አቁሚው" አልኳት። አቆመችው። ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች።

የሸጠልን ድርጅት አዲስ አበባ ነው ያለው። ደወልኩላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። "የወሎ መንገድ ነው የጨረሰው። የፍሬን ሸራ ደግሞ አላቂ ዕቃ ስለሆነ ዋስትና አይሸፍነውም።" መኪናው ይታይልን ስል ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ አምጡት አሉኝ። 400 ኪሎ ሜትር፣ ሸራው ባለቀ መኪና፣ በጣርማ በር በኩል። ይህን የሚል ሰው መንገዱን አይቶት አያውቅም፣ ወይም የነጂው ሕይወት ግድ አይሰጠውም።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንኑ መልስ ከዚያ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። እኔም አዲስ መኪና ገዝቼ ነበር፣ ከሌላ ፋብሪካ። 20,000 ማይል ሳይሞላው የኋላ ሸራው አለቀ፤ ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት፣ ዲስኩም፣ ተቦጭሯል። ሻጩ ጋ ስሄድ በፈገግታ ተቀብለው ቡና ጋበዙኝና "አነዳድህ ነው" አሉኝ። ሜሪላንድ ላይ እግሬ ተከሰሰ። ወሎ ላይ መንገዱ ተከሰሰ። መኪናውን የሠራውን ፋብሪካ ግን በሁለቱም አገር የጠየቀው ሰው የለም።

ነገሩን በትክክል ለማየት እንሞክር። ሸራ ያልቃል፤ ሥራው ማለቅ ነው። ዲስኩን እየተፋተገ መኪናውን ያቆማል፣ እየተፋተገም ይሳሳል። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል። ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ አለች፣ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች የምትጮኽ። በተለመደ አነዳድ ከ50,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሄዱ የተለመደ ነው። ዳገት ቁልቁለት የበዛበት አገር ይህ እንደሚቀንስ አልክድም። ግን ምን ያህል ይቀንሳል? ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ ነው የመንገዱ ጥፋት፣ ስንት ላይ ነው የፋብሪካው? ይህን የሚነግር ወረቀት ከመኪናው ጋር አይመጣም። ቁጥሩን ስለማይጽፉት፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው።

ለእረፍት ወደ ወሎ ስገባ አዲስ ሸራ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። በሻንሲ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ያዘዝኩት ነው፤ ደሴም አዲስ አበባም ለዚያ ሞዴል የሚሆን አልተገኘም። ስደተኛ 23 ኪሎውን የሚሞላው በጫማ፣ በሽቶና በመድኃኒት ነው። ለእናቴ ካሰብኩት ዕቃ ላይ ቀንሼ ብረት ተሸከምኩ። ይህንንም ወጪ የሚመልስልን የለም።

እህቴ መኪናውንም እኔንም ወደምታምናቸው መካኒክ ወሰደች፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው እስከ ሚሌ ከባድ መኪና ነድተዋል። ክሪኩን አስገብተው የፊት ጎማዎቹን አወለቁ። የቀኙን ሸራዎች አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የውስጡ ሸራ ብረቱ ድረስ አልቋል። የውጭው ግን ገና ግማሹ አለ። የግራውን ጎማ ሲፈቱት ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ገና ብዙ የሚሄዱ።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ። "የእህትህ እግር አይደለም። መንገዱም አይደለም። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ የቀኙንም የግራውንም፣ የውስጡንም የውጭውንም እኩል ነው የሚጫነው። አንዱን ሸራ ለይቶ የሚበላ እግር የለም።"

ምክንያቱን አሳዩኝ። ሸራዎቹን ጨብጦ የሚይዘው ብረት፣ ካሊፐሩ፣ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩ ደግሞ ተንሸራቶ የውጭውን ይስባል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሁለቱም ላላ ይላሉ። የእህቴ መኪና ላይ አንዱ ፒን ግሪስ የሚባል አልነካውም፤ ዝጎ ተይዟል። ስለዚህ የውስጡ ሸራ እግሯ ፔዳሉ ላይ ባይኖርም ዲስኩን እየታከከ ይውላል። ዳገት ስትወጣ እንኳን ይታከካል። ይህ ከፋብሪካው የመጣ የአሠራር ጉድለት ነው። የመንገዱም የነጂዋም አይደለም።

እህቴን ስትነዳ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻታለሁ። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚለውን የጥንት ሾፌሮች ሕግ ታከብራለች። ማርሹን ዝቅ አድርጋ ሞተሩ እንዲይዝላት ታደርጋለች፤ ፍሬኑን የምትነካው ጥምዝ ላይ ስትደርስ ነው። እና እሷን ነው "አነዳድሽ ነው" ሊሏት የፈለጉት።

ሜሪላንድ ያለው የእኔ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፣ በተለመደው ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው። የኋላው ከፊቱ ቀድሞ ካለቀ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ወይ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ፒኑን አዝጎታል። ወይ ኮምፒውተሩ፣ መኪናው እንዳይንሸራተትና አፍንጫው እንዳይደፋ ብሎ፣ የኋላውን አብዝቶ ያሠራዋል። የዛሬ መኪና ፍሬኑን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው በኤሌክትሮኒክስ ነው። እኔ ያለኝ አንድ ፔዳል ነው። የኋላውን ብቻ ለይቼ የምረግጥበት የለኝም። ይህን ለሻጩ ስነግረው ዝም አለኝ።

እኔ ብቻ የተነሳሁበት ነገር እንዳይመስላችሁ። የ2008 እስከ 2010 የሆንዳ አኮርድ ሞዴል የገዙ አሜሪካውያን የኋላ ሸራቸው ያለጊዜው እያለቀ ሲያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ኩባንያው ለሸራ ቅያሪ ካወጡት ገንዘብ የተወሰነውን ሊመልስላቸው ተስማማ። የእኔም የእህቴም መኪና የዚያ ኩባንያ ሥሪት አይደለም። ይህን ያነሳሁት "አላቂ ዕቃ ነው" የሚለው መልስ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። ሰዎቹ ደረሰኛቸውን ይዘው፣ ኪሎ ሜትራቸውን ጽፈው፣ አንድ ላይ ሲቆሙ መልሱ ተለወጠ።

ስለ ሐረጎ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። ሰው የጫነች 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 600 ሜትር ስትወርድ፣ ያ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሁሉም በፍሬን ቢያዝ የሚወጣው ሙቀት 25 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያንን የሚሸከሙት አራት ዲስኮችና ስምንት ቁራጭ ሸራ ናቸው። ለዚህ ነው ታች ስትደርሱ የተቃጠለ ሽታ የሚሸታችሁ። የፍሬን ዘይቱም ይሞቃል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። ሐረጎ ላይ፣ ከወልዲያ በላይ ድልብ ላይ፣ ወደ ባቲ ሲወረድ "ፍሬን እምቢ አለው" ከሚባለው ውስጥ እንዲህ የሚጀምር አለ። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ይህ የፊዚክስ ስሌት ለመኪና ሠሪ አዲስ አይደለም። ተራራ ያለበት አገር እንደሚሸጡ ያውቃሉ። የወሎን መንገድ ከሸጡ በኋላ ነው የሚያገኙት? ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚያስገባ ሰው ጣርማ በርን፣ ሐረጎን፣ ዓባይ በረሃን ሳያስብ እንዴት ያስገባል? ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ በቻይንኛ ነው። እህቴ አንድ ገጽ እንኳን ማንበብ አልቻለችም። በየስንት ኪሎ ሜትሩ ፒኑ ይጽዳ፣ ግሪስ ይቀባ የሚል ካለ እንኳን እዚያው ተቀብሮ ነው ያለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የማይነበብ መጽሐፍ መረጃ አይባልም።

አሁን ደሴ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚጠይቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለቆመ ምርጫውም እሱ ሆኗል። ለፍሬን ጥሩ ዜና ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል፣ ሸራውም ይቆያል። ግን ባትሪውን ደሴ ላይ እስከ 100 በመቶ ሞልታችሁ ሐረጎን ከጀመራችሁ፣ ጉልበቱ የሚገባበት ቦታ ስለማይኖር ሥራው ተመልሶ ለሸራው ይሰጣል። ባትሪው ላይ ለቁልቁለቱ ቦታ ተዉለት። ሸራውን አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠቀም መኪናም ፒኑ ይዝጋል፤ በየጊዜው ይታይ።

የእህቴን መኪና መካኒኩ ፒኖቹን አጽድተው፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀብተው፣ ሸራውን ቀየሩልን። የጠየቁት ዋጋ በጣም ትንሽ ስለነበር ጨመርኩላቸው፤ በግድ ነው የተቀበሉኝ። አሮጌዎቹን ሸራዎች አልጣልኩም። የውስጡንና የውጭውን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ማስመሪያ አስጠግቼ ፎቶ አነሳሁ። የዛገውን ፒን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን፣ የሻንሲ ቁጥሩን ጨምሬ ለሻጩም ለፋብሪካውም ላክሁ። የጻፍኩት ስለ ሸራ አይደለም። ስለ ካሊፐር ነው። ካሊፐር አላቂ ዕቃ ስላልሆነ ዋስትናው ይሸፍነዋል።

ፋብሪካው እስካሁን አልመለሰም። ሻጩ ግን ቃናው ተለወጠ። "ሸራውን አንከፍልም፣ ካሊፐሩን ግን እንልካለን" አሉ። ወደ ደሴ እንዲልኩት ነው የጠየቅኩት፤ እህቴ ወደ አዲስ አበባ አትነዳም።

እዚህ አሜሪካም ስለ ራሴ መኪና ለብሔራዊ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አስገብቻለሁ። በነፃ ነው፣ የሚጠይቁት የሻንሲ ቁጥሩንና የሆነውን ነገር ነው። አቤቱታ ሲበዛ እነሱም ይመለከታሉ።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ሐይቅ ያላችሁ፣ አዲስ መኪና ገዝታችሁ ፍሬኑ ቶሎ ያለቀባችሁ ካላችሁ፣ ጎማው ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ። የውስጡንና የውጭውን ሸራ አስተያዩ፣ ቀኙንና ግራውን አስተያዩ። ፎቶ አንሱ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ደረሰኝ ያዙ። ሞዴሉንና ዓመተ ምሕረቱን ላኩልኝ። የእህቴ ዓይነት መኪና ያላቸው ሰዎች ከተገኙ ሁለተኛውን ደብዳቤ በጋራ እንጽፈዋለን።