መስከረም 3፣ ደብረ ብርሃን፣ በጋቢ

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ከተማው መናፈሻ ወጣሁ፣ ያው እንደምታውቁት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክረምቱ ወጣ ቢባልም ብርዱ አልሰማም፣ ስኒከሬ በጤዛ ጨቀየ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነው የዞርኩት።

ጽጌረዳዎቹ ገና እንቡጥ ናቸው። ሳሩ ግን!! ሶስት ወር ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጦስኝ አለ፣ ስትረግጡት ሽታው ቀጥታ ሻይ ያስናፍቃል።

የገረመኝ አደይ አበባዋ ናት። በድንጋይ በተከበበው መደብ ውስጥ አንዲትም የለች፣ አጥሩ ስር ግን ቢጫ ምንጣፍ ነው። አትክልተኛውን "አባባ እዚህ መሀል ለምን አልተከሏትም?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ እሷ ማን ተክሏት ታውቃለች፣ አምና የረገፈው ፍሬዋ ክረምት ሲገባ ራሱ ይበቅላል። እኛ ማጨጃውን ከሷ ማራቅ ነው ስራችን።"

ለካ ለዛ ነው አጥሩ ስር ያለው ሳር ያልታጨደው (እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር ይቅር ይበሉኝ)።

ፎቶ ለማንሳት ስጎነበስ ጋቢዬ ላይ ጭቃ፣ ሞባይሌ 4 ፐርሰንት። ሁለት አንስቼ ጠፋ። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሳያቃጥላት ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ቻርጅ አድርጌ።