23 ኮከብ፦ የጠላትን ችሎታ ስሰበስብ የደረሰብኝ

ስኩዌር በ1997 ባወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ከጠላት የሚወሰዱ 24 ችሎታዎች አሉ። ሁሉንም ለአንድ የቡድኔ አባል ለማስተማር ቆርጬ ተነሣሁና 23ቱን አገኘሁ። የቀረችው አንዷ ያመለጠችኝ ከባድ ስለሆነች አይደለም፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትገኝ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ እኔም በእጄ የነበረውን ጥንቃቄ ስለናቅሁ ነው።

ለማያውቀው ሰው አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ጨዋታ አስማት የሚገኘው ማቴሪያ ከሚባሉና በመሣሪያ ወይም በትጥቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ከሚገቡ ክብ ድንጋዮች ነው። ኤነሚ ስኪል የሚባለው ማቴሪያ መጀመሪያ ባዶ ነው። የተሸከመው ሰው ከጠላት ችሎታዎች አንዱ ሲያርፍበትና ከምቱ ሲተርፍ ያ ችሎታ የእርሱ ይሆናል፤ በማቴሪያው ላይም አንድ ኮከብ ይበራል። አጠገቡ የቆመ ጓደኛው መመታቱ ለእርሱ ምንም አይጠቅመውም።

እንዲህ ያሉ ማቴሪያዎች አራት ናቸው፦ አንዱ በሺንራ ሕንፃ፣ አንዱ በጁኖን፣ አንዱ በተረሳችው ከተማ፣ የመጨረሻው በቾኮቦው (ቾኮቦ የሚጋለብ ትልቅ ወፍ ነው) ጠቢብ ቤት ይገኛሉ። ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት የመመሪያ መጽሐፍ የተገኙትን ማቴሪያዎች ለተለያዩ አባላት ማከፋፈልን ይመክር ነበር። እኔም አምኜው የመጀመሪያውን ለሬድ ሰርቲን፣ የጁኖኑን ለቲፋ ሰጠሁ። አንዱ ማቴሪያ የተማረው ወደ ሌላው እንደማይተላለፍ የገባኝ ብዙ ከተጓዝኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በእጄ የነበሩት ሁለት ግማሽ ስብስቦች ነበሩ፤ ሬድ ያጣውን ለመሙላት ያለፍኩባቸውን አገሮች ሁሉ እንደገና መዞር ነበረብኝ። ስለዚህ መጽሐፉ ያለውን ትታችሁ ከመጀመሪያው አንድ ሰው ምረጡና ሁሉንም ለእርሱ አስተምሩ እላለሁ።

መጽሐፉ የተሳሳተበት ሌላው ነገር በረግረጉ ላይ የሚኖረው እባብ፣ ሚድጋር ዞሎም ነው። ምክሩ ከእርሱ መሸሽና ጠንክሮ መመለስ የሚል ነበር። እኔ ግን ጨዋታው ከሚጀምርባት ከተማ ከሚድጋር እንደወጣሁ፣ ጥቂት ደረጃ ብቻ ጨምሬ ገጠምኩት፤ በዚህ ውሳኔዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። እባቡ በደንብ ሲቆስል ቤታ የሚባለውን የእሳት ጥቃት ይለቃል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ሊሸከመው የማይችል፣ ከ1000 በላይ ጉዳት የሚያደርስ ጥቃት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀድሞ በእጃችን ይገባል። በሺንራ ሕንፃ ከንቲባው የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ሙከራ ያገኘ ሰው ኤለመንታል ማቴሪያ ይሰጠዋል። እርሱን ከእሳት ማቴሪያ ጋር በትጥቁ ላይ በተያያዙት ሁለት ቀዳዳዎች ካስገቡት የእሳቱ ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህንን ትጥቅ መልበስ ያለበትም ተማሪው ራሱ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ አንድ ጊዜ እባቡ ሬድን ከውጊያው አሽቀንጥሮ አስወጣው፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሕይወቱን ሳልሞላለት ቤታው ደረሰበት። በአራተኛው ተረፈና ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በመንገዴ የቆመ ጠላት አልነበረም።

የቀሩት አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። ሌቭል 4 ሱሳይድን በቾኮቦው እርሻ አካባቢ ከሚገኘው ሙ ከተባለ ጠላት ለመማር የተማሪው ደረጃ ለ4 የሚካፈል መሆን አለበት። ቢግ ጋርድና ኋይት ዊንድ ግን በማኒፑሌት ማቴሪያ ይወሰዳሉ፤ የመጀመሪያውን ከቢችፕላግ፣ ሁለተኛውን ከዜምዜሌት፣ ጠላቱን ተቆጣጥሮ በራስ ቡድን ላይ እንዲጠቀምበት ማዘዝ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማንም እንዳይተዋቸው አጥብቄ እመክራለሁ። ቢግ ጋርድ በ56 ኤምፒ (የአስማት ኃይል ነጥብ) መላውን ቡድን ከመሣሪያና ከአስማት ይከልላል፣ ፍጥነትም ይጨምራል። ኋይት ዊንድ ደግሞ ተጠቃሚው በዚያ ሰዓት ባለው የሕይወት መጠን ልክ ሁሉንም ይፈውሳል።

አሁን ወደ ሰሜኑ ጉድጓድ ልምጣ።

ጉድጓዱ የጨዋታው የመጨረሻ ስፍራ ነው። ወደዚያ ስወርድ በሬድ ማቴሪያ ላይ ሁለት ኮከቦች ብቻ አልበሩም ነበር፦ ሻዶው ፍሌርና ፓንዶራስ ቦክስ። መጽሐፉ የሁለቱንም ምንጭ ድራጎን ዞምቢ ብሎ በአንድ መስመር ጽፎት ነበር፤ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። 13000 ኤችፒ (የሕይወት መጠን) ያለው ይህ ዘንዶ በጉድጓዱ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ጠላት ስለሆነ፣ እስኪሰጠኝ ድረስ እታገለዋለሁ ብዬ በሙሉ ልብ ገባሁ።

የመጀመሪያውን ዘንዶ ያገኘሁት ቡድኔ ከብዙ ውጊያ በኋላ በደከመበት ሰዓት ነው። በመካከሉ ሬድ ወደቀ። በከረጢቴ ውስጥ የወደቀን የሚያነሣ ፊኒክስ ዳውን የሚባል ዕቃ ከ40 በላይ ነበረኝ፤ አንዱን አውጥቼ ማንሣት የአንድ ተራ ሥራ ነበር። ነገር ግን ዘንዶው ሊያልቅ እንደተቃረበ ስላየሁ ሌላውን የቡድኔን አባል ክላውድን እንዲመታ አዘዝኩት፤ ሬድን ከውጊያው በኋላ አነሣዋለሁ አልኩ። ውጊያው ሊያበቃ ሲል በማያ ገጹ አናት ላይ ፓንዶራስ ቦክስ የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ጥቃቱም በክላውድና በሲድ ላይ አረፈ። ሬድ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። እኔም ምንም አልደነገጥኩም። እንዲያውም ዘንዶው እንደሚጠቀምበት በዓይኔ ስላየሁ ደስ አለኝ፤ ከሚቀጥለው እወስደዋለሁ ብዬ ሬድን አነሣሁና ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ያደረግሁትን ሳስታውስ አሁንም እበሳጫለሁ። ጨዋታው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሴቭ ክሪስታል ይሰጣል፤ ተጫዋቹ በመረጠው ስፍራ አንድ ጊዜ ብቻ ተክሎ ጨዋታውን የሚያስቀምጥበት ነው። እኔ ዘንዶዎቹ የሚመላለሱበትን ስፍራ አግኝቻለሁ ብዬ እዚያው አጠገብ ተከልኩትና አስቀመጥኩ። ያስቀመጥኩትም በቀድሞው ፋይል ላይ ነው። የፕሌይስቴሽን ሚሞሪ ካርድ 15 ክፍሎች አሉት፤ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠቀምኩት በአንዱ ብቻ ነበር።

ሦስት ምሽት ሙሉ ዘንዶ ገደልኩ። ሬድ በሁሉም ውጊያ ሙሉ ሕይወት ይዞ ቆሞ ነበር። ሻዶው ፍሌርን በመጀመሪያው ምሽት ተማረ፤ ፓንዶራስ ቦክስ ግን አልመጣም። ዕድል ነው ብዬ ቀጠልኩ። ሃያ ስምንተኛውን ከገደልኩ በኋላ መቁጠር ተውኩ። የሬድን ደረጃ ቀየርኩ፣ ትጥቁን ቀየርኩ፣ ዘንዶውን በዝግታም በፍጥነትም ለመግደል ሞከርኩ። በአራተኛው ቀን ጨዋታውን ብዙ ጊዜ የጨረሰ ወዳጄን ጠየቅሁት፤ ድራጎን ዞምቢ ፓንዶራስ ቦክስን በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠቀም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁሉ እንደማይጠቀሙበት ነገረኝ። ከዚያ ውጊያ በፊት ያስቀመጥኩት ሌላ ፋይል ቢኖረኝ ኖሮ የሁለት ሰዓት ሥራ ብቻ ነበር የሚጠፋኝ።

በመጽሐፉ ላይ ያለኝ ቅሬታ አልበረደም። የጠላቱን ኤችፒ፣ የሚጥለውን ዕቃ፣ የሚሰረቅበትን ሁሉ የጻፈ ሰው “አንድ ጊዜ ብቻ” የሚሉ ሦስት ቃላት መጨመር አይከብደውም ነበር። ፊኒክስ ዳውን የቆጠብኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንን ለመጽሐፉ ልሰጠው አልችልም። ፓንዶራስ ቦክስ 110 ኤምፒ የሚጨርስ፣ ብዙም የማይፈለግ ጥቃት ነው ብለው የሚያጽናኑኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በውጊያ አልተጎዳሁም። እኔ የፈለግሁት ግን የሞላ ማቴሪያ ነበር፤ የሬድ ማቴሪያ ደግሞ ምንም ባደርግ አይሞላም።

ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣሁ። እስከ ጉድጓዱ ድረስ ያስተማርኩት ሬድን ብቻ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ግን ይህንን ደንብ ራሴ ለወጥኩት፦ በቡድኑ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ኤነሚ ስኪል እንዲይዙ አደረግሁ፤ ሳጥኑ፣ ፓንዶራስ ቦክስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት በዚያች ቅጽበት ከሦስቱ የቆመ ሁሉ ሊወስደው ይገባል። ከመውረዴ በፊት በሦስት የተለያዩ ክፍሎች አስቀመጥኩ። ሴቭ ክሪስታሉንም ከረጢቴ ውስጥ እንዳለ ተውኩት። የመጀመሪያው ዘንዶ ሲመጣ ከመምታቴ በፊት የሦስቱንም ሕይወት ሞላሁ፤ ከዚያ በኋላም ከሦስቱ አንዱ ሲዳከም ማጥቃቱን አቁሜ እርሱን አክም ነበር። ውጊያው ከተለመደው ሦስት እጥፍ ያህል ቆየ። ጽሑፉ በማያ ገጹ አናት ላይ ሲወጣ ሦስቱም ቆመው ነበር፤ ሦስቱም ተማሩት። ወዲያውኑ ወደ ላይ ወጥቼ፣ ሦስቱን ፋይሎች ሳልነካ፣ በአራተኛው ክፍል ላይ አስቀመጥኩ።