ዲሲ-6ቢ ለሲሙሌተር፦ የሞተሩ ነገር

ለቤት የበረራ ሲሙሌተር የሚሆን የዲሲ-6ቢ፣ ማለትም የባለአራት ሞተሩ አውሮፕላን የዲሲ-6 ረዘም ያለ ዓይነት፣ ሞዴል መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደብኝ ሞተሩ ነው። የዳግላስ ኩባንያ የዲሲ-6ን የመጀመሪያ ናሙና ያበረረው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ ምርቱ በ1958 እስኪቆም ድረስ ከ700 በላይ ተሠርተዋል። ጄቶች ገበያውን ከመረከባቸው በፊት ረጅም መስመሮችን ይሸፍኑ ከነበሩት የመጨረሻዎቹ የፒስተን አውሮፕላኖች አንዱ ነው።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም፤ ብሌንደር የተባለውን የሦስት አቅጣጫ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም የሚያውቅና ትዕግሥት ያለው ሰው ይወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ፦ የመጀመሪያው ዲሲ-6 ርዝመቱ 30.66 ሜትር ሲሆን 6ቢ ከዚያ በ1.5 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የክንፋቸው ስፋት ግን እኩል 35.81 ሜትር ነው። የሁለቱን ፎቶግራፎች ቀላቅሎ የሚሠራ ሰው ክንፉ ልክ ሆኖለት መስኮቶቹ አልገጥም ይሉታል።

ሞተሩ የፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-2800 ነው። በሁለት ረድፍ ዙሪያውን የተደረደሩ 18 ሲሊንደሮችና 46 ሊትር ያህል የፒስተን መጠን ያለው ሲሆን፣ በመነሻ ላይ የውሃና የአልኮል ድብልቅ እየተረጨለት ወደ 2,400 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ከሲሙሌተር ጋር የሚመጣው አጠቃላይ የፒስተን ሞተር ቀመር ይህን ሁሉ እንደ መኪና ሞተር ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ አድርጎ ይወስደዋል። እውነተኛው ሞተር ግን ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ስለሚወርድ፣ አስነሺው ካንዴላዎቹ እሳት ከማግኘታቸው በፊት ፕሮፔለሩን በሞተሪኖ እያዞረ የሚያልፉትን ምላጮች ይቆጥራል፤ ዘይት ተጠራቅሞ ከሆነ ፒስተኑን ገትሮ ሞተሩን ሊሰብር ይችላልና። ከዚያም ሞተሩ በፕራይመር (ለማስነሻ ቤንዚን በሚረጨው መሣሪያ) በሚረጭለት ቤንዚን ብቻ ተነስቶ ሲያስል፣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን የሚቆጣጠረው ማንሻ ቀስ ብሎ ይከፈትለታል። በእኔ ሞዴል ማንሻውን ቀድሞ የከፈተ ሰው ሞተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቀዋል።

የበረራ መሐንዲሱን ሥራ በቅጡ የሚያሳየው ጌጅ ቢኤምኢፒ የሚባለው፣ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚሠራውን አማካይ ግፊት የሚነግረው ነው። መለኪያው በፕሮፔለሩ የማርሽ ሳጥን ላይ የሚያርፈውን የመጠምዘዝ ኃይል በዘይት ግፊት አማካይነት ያነባል። ለአር-2800 ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጌጁ ንባብ በደቂቃ ዙር ተባዝቶ ለ283 ሲካፈል የፈረስ ጉልበቱ ይገኛል። በ2,300 ዙር 150 የሚያነብ ጌጅ 1,220 ያህል የፈረስ ጉልበት አለ ማለት ነው። መሐንዲሱ በጉዞ ላይ ድብልቁን ሲያቀጥን (ቤንዚኑን ከአየሩ አንጻር ሲቀንስ) ንባቡ ከፍተኛው ላይ መድረሱን አይቶ፣ ከዚያ አሥር በመቶ እስኪወርድ ድረስ ማቅጠኑን ይቀጥላል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ቤንዚን ይቆጥባል፤ የሲሊንደር ጭንቅላቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሲሙሌተሩ ትክክለኛ ጫፍ ያለው የኃይልና የድብልቅ ጥምዝ ከሌለው ጌጁን አሳምሮ መሳል ከንቱ ድካም ነው። እኔ ጥምዙን የሠራሁት በዘመኑ የአሠራር መመሪያ ላይ ካሉት የኃይል ሰንጠረዦች ተነስቼ ነው።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ የሙቀት ነገር ነው። ብረት ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም፤ መርፌው ግን በብዙ ሞዴሎች ላይ ማንሻውን ተከትሎ ወዲያው ይዘላል። የሲሊንደር ጭንቅላቱን፣ ዘይቱንና የማቀዝቀዣ ክዳኖቹን መክፈቻ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው የመዘግየት ልክ ሳሰላቸው፣ መውረጃው ላይ ኃይሉን በአንዴ የሚዘጋ አብራሪ የሚከፍለውን ዋጋ ማየት ጀመርኩ።

ድምፁም ከዚሁ ስሌት ይወጣል። ባለአራት ምት ሞተር በመሆኑ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይተኩሳል፤ በ2,400 ዙር 18ቱ በሰከንድ 360 ጊዜ ይተኩሳሉ ማለት ነው። የአራቱ ሞተሮች ዙር በጥቂቱ ሲለያይ የሚሰማው የሚወጣና የሚወርድ ጉምጉምታ ለብቻው መቀረጽ አያስፈልገውም፤ አራቱን ድምፆች በየራሳቸው ዙር ማጫወት ይበቃል።

ማረፍ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። አራቱ ፕሮፔለሮች ክንፉ ላይ የሚነፍሱት አየር ራሱ ተጨማሪ የማንሳት ኃይል ስለሚፈጥር፣ መሬት ሳይነካ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ የሚቀንስ አብራሪ አውሮፕላኑ ከሥሩ ይከዳዋል። ኤክስ-ፕሌን የተባለው ሲሙሌተር ክንፉን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ኃይሉን ለየክፍሉ ያሰላል፤ እኔ የመረጥኩት ፍላይትጊር የተባለው ሲሙሌተር የበረራ ስሌት ፕሮግራም ጄኤስቢሲም ግን በሠንጠረዥ የሚሠራ በመሆኑ የፕሮፔለሩን ነፋስ ውጤት በራሴ ሠንጠረዥ ማስገባት ነበረብኝ።

ሞዴሉን የሞከሩ ጓደኞቼ የሞተር ብልሽትን የሚያጠፋ ምርጫ እንዲጨመርበት ጠይቀውኛል። አልጨመርኩም፤ ይልቁንም መሐንዲሱን ተክቶ ክዳኖቹንና ድብልቁን የሚከታተል ረዳት እየጻፍኩ ነው፤ እሱም ቢሆን አብራሪው ማንሻውን በጥድፊያ ከዘጋው ሞተሩን ማዳን አይችልም።